ያልተቈጠረው ፍሬ
በከፋ ጫካ ስለሚለቀመው እንጆሪና ስለ ማርማላታ

ስለ ከፋ የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ የገለጠ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው የነገሥታቱን ዜና፣ ከዚያም ቀጥሎ የንግዱን ነገር ነው። ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ፣ እጅግ የሚያሳዝነውም የሰው ንግድ ጭምር በየተራው ይነገራል። ከዚያው ጫካ ዳር በየዓመቱ እያፈራ ልጆችና እረኞች የሚለቅሙት እንጆሪ ግን ከንግድ ዕቃ ተርታ አይገባም። ሲራራ ነጋዴ በአጋሰስ አልጫነውም፤ ቀራጭም በኬላ አልቀረጠውም።

በዚህ ጽሑፍ ልናወሳ ያሰብነው ስለዚሁ ስላልተቈጠረ ፍሬ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ በአንድ ጫካ ውስጥ ሲኖር የትኛውን ፍሬ ሀብት ብሎ እንደ ያዘ፣ የትኛውንስ የልጅ መጫወቻ ብሎ እንደ ተወው መመርመር ራሱን የቻለ የታሪክ ሥራ ነው እንላለን። ምክንያቱም ሳይቈጠር የቀረ ነገር ሲጠፋ ጠፋ ብሎ የሚጮኽለት አይኖርም።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በከፋ ነገሥታት ዘመን ስመ ጥር የንግድ ቦታ ስለ ነበረች የሩቅ አገር ሰዎች ሳይቀሩ ሊያዩዋት ይመኙ ነበር። የዓባይን ምንጭ ይፈልግ የነበረው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ቦንጋ ገባ። አባ ማስያስ የሚባሉት ኢጣልያዊው ሚሲዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያም እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1861 በከፋ ተቀምጠዋል። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘምተው የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩና የከፋ መንግሥት ራሱን ችሎ መኖሩ አበቃ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበርም ስለዚሁ መንግሥት ሥርዓትና ልማድ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 አሳትሟል። በዛሬው ጊዜ ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች።

ይህን አገር በመንገድ የሚያልፍ ሰው ጫካው አንድ ወጥ አረንጓዴ ይመስለዋል። ወርዶ በእግሩ ለሚሄድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጫካው ዳርና በወንዙ አፋፍ እንጆሪ ቍጥቋጦው ላይ ቀልቶና ጠቁሮ ይታያል። ዶቅማ ወይን ጠጅ የሚመስለውን ፍሬውን ከዛፉ ሥር ያራግፋል። ዋንዛ ሙጫ የመሰለ ጣፋጭ ፍሬ ይሰጣል። ረግረጉ ውስጥ የቆመው ዘንባባም ለአቅሙ የሚበላ ፍሬ አለው። ኮሽምና አጋም ደግሞ በእሾሃቸው መካከል ጎምዛዛውንና ጣፋጩን ይደብቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ተረታችን «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ሲል የአጋምን እሾህ እንጂ የአጋምን ፍሬ አላስታወሰም። ኮሽምንም ቢሆን ከደጋው እስከ ወይና ደጋው በየግቢው የምናውቀው በአጥርነቱ ነው። እሾሁ ሌባ ስለሚከለክል ተተከለ፤ ፍሬው ግን ከአጥሩ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል። እንግዲህ እነዚህን ተክሎች ጨርሶ ሳናውቃቸው ቀርተን አይደለም፤ ያወቅናቸው ግን በሚወጉት በኩል ነው።

ፍሬው ያልተቈጠረበት ዋናው ምክንያት ግን ቀን የማይሰጥ መሆኑ ይመስለናል። እንጆሪ ጠዋት ተለቅሞ ማታ ውሃ ይሆናል፤ በማግሥቱ ይሻግታል። የከፋ ሰው ሀብት ብሎ የያዘውን ሁሉ ብንመለከት ለመቈየት የሚችል ወይም በጥበብ እንዲቈይ የተደረገ ሆኖ እናገኘዋለን። ቡና ራሱ በተፈጥሮው ቀይ የጫካ ፍሬ ነው፤ ሥጋውም ጣፋጭ ነው። ነገር ግን ከነገለባው ደርቆ ጀንፈል ሲሆን ብዙ ወራት ይቀመጣል፤ ሩቅ አገርም ይደርሳል። ኮረሪማም በቀይነቱ ተለቅሞ ይደርቃል። ጥምዝም እንደዚሁ ነው። እንሰቱ ተፍቆ በቅጠል በተሸፈነ ጕድጓድ ይቀበርና ቆጮ ሆኖ ለክፉ ቀን ይጠብቃል። ዝናም በማይለየው በዚህ አገር ፀሐይ ሲጠፋ ከምድጃ በላይ ያለው ቆጥና ጢሱ የማድረቂያውን ሥራ ይሠራሉ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ማሩ ነው። በደንብ የበሰለ ማር በውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ ሃያ እጅ አይበልጥም። ስኳሩ ከመብዛቱ የተነሣ ሻጋታና እርሾ የሚኖሩበት ውሃ ያጣሉ። ንቢቱ አክፋዩን በሰም ሳትከድነው የተቈረጠ ማር ግን ውሃው ስለሚበዛ ይፈላል፤ ይኮመጥጣል። ይህን የከፋ ቀፎ ሰቃዮች ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ወደፊት እንደምናየው ማርማላታም የሚቆመው በዚሁ ሕግ ነው።

የሚቈይ ነገር ደግሞ ባለቤት ያገኛል። በከፋ ኮቦ የሚባል የቈየ ሥርዓት አለ። በዚህ ሥርዓት አንድ ቤተሰብ በታወቀ የጫካ ክፍል ቀፎ ለመስቀልና ቡና ለመልቀም መብት ይኖረዋል፤ ጎረቤቱም ይህን ያከብርለታል። ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ ማንም ተነሥቶ አይቈርጠውም። የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ ይህ ልማድ በሕግ ፊት የነበረው ቦታ ቢደክምም ከሰው ልብ አልጠፋም። እንጆሪና ኮሽም ግን የማንም ስላልነበሩ ሁሉም ይበላቸዋል፤ ለእርሻ ምንጣሮም ሁሉም ይቈርጣቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ለመናገር የሚያሳፍር ቢሆንም መደበቅ አይገባም። በአደንና ከጫካ በሚገኝ ነገር ይተዳደሩ የነበሩት ማንጆ የተባሉት ወገኖቻችን ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ በጋብቻም እንዳይዛመዱ ይደረጉ ነበር፤ የዚህም በደል ርዝራዥ ፈጽሞ አልጠፋም። ሰዎቹ በተናቁበት ኅብረተሰብ ከጫካ ለቅሞ መብላትም የድህነት ምልክት ተደርጎ መታየቱ አይቀርም። ስለ ጫካው ብዙ የሚያውቁት ሰዎች ከማዕዱ ሲርቁ ዕውቀታቸውም አብሮ ከማዕዱ ራቀ።

አሁን ደግሞ ወደ ማርማላታው እንምጣ። ቃሉ ወደ አማርኛ የገባው ከኢጣልያንኛ ነው። ኢጣልያንኛው ግን ከፖርቱጋል ቋንቋ የተወረሰ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ «ማርሜሎ» ቢጫ ጎምዛዛ ፍሬ የሚሰጥ የአንድ ዛፍ ፍሬ ስም ነው። ይህም በላቲን በኩል ወደ ግሪክ ሲወጣ «ሜሊ» ማር፣ «ሜሎን» ፖም፣ በአንድነት «የማር ፖም» ይሆናል። በእርግጥም ስኳር በአውሮፓ ሳይታወቅ በፊት ሮማውያን ይህንኑ ፍሬ በማር ውስጥ እየነከሩ ያቈዩት ነበር። ስለዚህ ዛሬ የስኳር ሥራ ብለን የምናውቀው ነገር በስሙ ውስጥ እስካሁን ማር ተሸክሟል። የአማርኛው «ማር» ከዚህ ጋር በድምፅ መመሳሰሉ ግን አጋጣሚ ነው።

ስኳር ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር በኩል እስከ ሜዲትራኒያን ሲዛመት ፍሬን በስኳር የማብሰል ጥበብም አብሮት ሄደ። በአገራችን ግን ስኳር ለብዙ ዘመን ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነው ነገሩ መለወጥ የጀመረው። እንግዲህ ቀደምት የከፋ እናቶች እንጆሪን በስኳር ሳያበስሉ ቢቀሩ ባልትና ጐድሏቸው አይደለም። ማሩ ለጠጅ፣ ለመድኃኒትና ለገበያ የሚፈለግ ነበር፤ ስኳሩም አልነበረም።

እኛም ነገሩን በወሬ ብቻ እንዳንጽፈው ብለን ለሥራ ወደ ቦንጋ በሄድን ጊዜ ባረፍንበት በአንዲት መምህርት ቤት ሞከርነው። የሰፈር ልጆች በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው አንድ ኪሎ እንጆሪና ሩብ ኪሎ ኮሽም አመጡልን። እንጆሪ በጣም ሲበስል ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን የሚባለው ነገር ይቀንሳል፤ ይህን ነገር መርምሮ ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1825 ፈረንሳዊው ሄንሪ ብራኮኖ ነው። ኮሽሙን የጨመርነው በጎምዛዛነቱ እንዲያግዝ ብለን ነው። ኮሽሙን በጥቂት ውሃ ቀቅለን በወንፊት አጠለልነው። ከዚያ ከእንጆሪው ጋር አድርገን አንድ ኪሎ ስኳር ጨመርንና በሰፊ ድስት እሳት ላይ ጣድነው።

የያዝነው የአውሮፓ የምግብ መጽሐፍ ቴርሞሜትሩ 105 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ ይላል። እኛም በታዛዥነት ጠበቅን። 105 ሲደርስ ግን ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ጠቁሮ፣ ከሥሩ አሮ፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ሙጫ ደርቆ ማንኪያ አልገባ አለው። ስሕተቱ የገባን በኋላ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ለባሕር ዳርቻ አገር ነበር። በቦንጋ ከፍታ ግን ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ማርማላታ የሚደርሰው ውሃ ከሚፈላበት አራት ወይም አምስት ዲግሪ ከፍ ሲል ስለ ሆነ በቦንጋ 99 ዲግሪ ይበቃዋል። ለሁለተኛው ድስት አስቀድመን ውሃ አፍልተን ለካን፤ በቀዝቃዛ ሳህን ላይም ጠብ እያደረግን አየን። ጠብታው ሳይፈስ ሲረጋ አወጣንና በፈላ ውሃ በተቀቀለ የብርጭቆ ዕቃ ትኩሱን ሞልተን ከደንነው። ይህኛው አማረ።

የመምህርቷ እናት እስከዚያ ድረስ ከምድጃው ዳር ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩን ነበር። ልጃቸው በእንጀራ አድርጋ ስትሰጣቸው ቀምሰው ጥቂት ቈዩና፣ «እኛ ልጆች ሳለን ይህን ከመንገድ በልተን አፋችንን በቅጠል ጠርገን ነበር ወደ ቤት የምንገባው፤ እናቴ የጠቆረ ከንፈር ካየች ቤት እንደሌለው ሰው ከጫካ ትለቅሚያለሽ ብላ ትቈጣኝ ነበር» አሉን። «ታዲያ እማማ፣ ዛሬስ?» ብንላቸው፣ «ዛሬማ በማንኪያ ሰጣችሁኝ፤ ምን ብዬ ልጥረግ?» ብለው ሳቁ። እኛም አብረን ሳቅን፤ ነገሩ ግን ከልባችን አልወጣም። ፍሬው ያው ፍሬ ነው። የተለወጠው ፍሬው የቀረበበት ዕቃና አቅራቢው ብቻ ነው።

ዛሬ ይህን ነገር ማንሣታችን ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። ባለፉት ዘመናት በእርሻ መስፋፋት፣ በ1970ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት በተደረገው ሰፈራ፣ እንደ ውሽውሽ ባሉ ቦታዎች በተተከለው ሻይ፣ በማገዶና በጣውላ ፍላጎት ምክንያት የከፋ ጫካ ብዙ ተቀንሷል። የተረፈውን ለመጠበቅ የከፋ ባዮስፌር ክልል እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ተመዘገበ። በዚህ አሠራር ፈጽሞ የማይነካው እምብርት፣ በዙሪያው ያለው መከለያ፣ ከዚያም ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት መሸጋገሪያ ተለይተዋል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም እንጆሪና ኮሽም የሚወዱት የጫካውን ዳር፣ የመንገዱን ግራ ቀኝና የወንዙን አፋፍ መሆኑን መርሳት አይገባም። አንድ ገበሬ ማሳውን አንድ ክንድ ሲያሰፋ አስቀድሞ የሚመነጠረው ይኸው ዳር ነው። ታላቁ ዛፍ ሲወድቅ ድምፁ ይሰማል፤ ቍጥቋጦው ሲመነጠር ግን የሚሰማ የለም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ሁሉም ማርማላታ ነጋዴ ይሁን ማለታችን አይደለም። በብዛት ለመሸጥ ተብሎ ጫካው ቢራቈት ደግሞ ሌላ ጥፋት ይሆናል፤ ወፎቹ በልተው ዘሩን የሚበትኑት ከሰው እጅ የተረፈውን ነውና። የምንመክረው ግን አለ። በከፋ ያሉ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ከታላላቆቻቸው ዘንድ ልከው የየፍሬውን ስም በካፊኛ እንዲጽፉ፣ የሚያፈራበትን ወር እንዲመዘግቡ፣ የሚበላውንና የማይበላውን ለይተው እንዲያውቁ ቢያደርጉ ትልቅ መዝገብ ይገኛል። ይህንም ሲያደርጉ ለማንጆ ሽማግሌዎች ከፊት መቀመጫ ይስጧቸው፤ ጫካውን ያነበቡት እነርሱ ናቸውና። የመንግሥት ሠራተኛውም የጫካ መሬት ሲለካ ዛፉን ብቻ ሳይሆን ቍጥቋጦውንም በመዝገቡ ያስገባው።

አባቶቻችን ቡናን በማድረቅ፣ ማርን በመክደን፣ እንሰትን በመቅበር ከጊዜ ጋር ተሟግተው ረቱ። እንጆሪ በዚያ ሙግት ሳይጠራ ቀረ። አሁን ስኳሩም ድስቱም በእጃችን ነው። የሚያስፈልገን አስቀድሞ ፍሬውን መቍጠር፣ ለቃሚውንም ማክበር ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተደረጉ በቦንጋ መንገድ ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ የጠቆረ ከንፈሩን በቅጠል መጥረግ አያስፈልገውም።