ሳንቲምህን አስቀምጥና ተራህን ጠብቅ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጌም ነው። አዎ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት እየፎረፉ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚያመሹበት ጌም! ገጹን ለመግለጥ እጃችሁን የዘረጋችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ ጨዋታዬ ከጌሙ ይልቅ በዙሪያው ስለተሰበሰበው ሰው ነው። ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ደመወዝ ሳይቆርጥላቸው፣ በቃል ብቻ በሚጠበቅ ሕግ ተዳድረው ዓለም አቀፍ ውድድር ያቋቋሙ ወጣቶች ታሪክ ነው። ዕቁብና ዕድር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በ1991 ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ ‹ስትሪት ፋይተር 2› የተሰኘ የድብድብ ጌም አወጣ። የሚጫወቱት ቁም ሣጥን በሚያክል፣ ሳንቲም በሚበላ ማሽን ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የጌም ቤት ልማድ በአብዛኛው ሰው ከማሽን ጋር ታግሎ ነጥብ ማስመዝገብ ነበር። ይኸኛው ግን ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን፣ ክርን ለክርን አቁሞ አጋጠማቸው። ጠላትህ ማሽኑ መሆኑ ቀረና አጠገብህ የቆመው ልጅ ሆነ፤ ትንፋሹ ይሰማሃል፣ ስትሸነፍ ሲስቅ ታየዋለህ።

አሜሪካ ውስጥ በየጌም ቤቱ አንድ ሕግ በቀለ። ካፕኮም አልጻፈውም፣ ባለቤቶቹም ግድግዳ ላይ አልለጠፉትም። ያሸነፈ ይቆያል፣ የተሸነፈ ይወርዳል። ቀጥሎ መጫወት የሚፈልግ ሃያ አምስት ሳንቲሙን ከስክሪኑ ሥር፣ ጠርዙ ላይ ያስቀምጣል። በቃ! ያቺ ሳንቲም ወረፋ ናት። አምስት ሳንቲም ከተደረደረ ከፊትህ አምስት ሰው አለ ማለት ነው። በእኛ ከረንቦላና ፑል ቤት ‹ተሸናፊ ከፋይ› ሲባል ለሰማ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህች ቀላል ሕግ ግን ከባድ ሥራ ትሠራለች። ጨዋታውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ደሃ ልጅ በአንዲት ሳንቲም ማታውን ሙሉ ይቆማል፤ ኪሱ የሞላው ግን ጨዋታ የማይችለው ደግሞ ለዚያ ልጅ እየከፈለለት ያመሻል። እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የአባትህ ሥራ፣ ሰፈርህ፣ የቆዳህ ቀለም ማሽኑ ላይ ነጥብ አይጨምርልህም። (ቤቱ ውስጥ ስድብና ንቀት አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።) ደግሞም ሽንፈት ገንዘብ ስለሚያስወጣ ሰው ቶሎ ይማራል። ከኋላ ቆሞ ወረፋ የሚጠብቀውም ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አያነሣም፤ ነገ ለእሱ ትምህርት ነዋ!

አንዳንዱን ነገር እንዲያውም ሠሪዎቹ አስበው የፈጠሩት አልነበረም። ዛሬ የድብድብ ጌም ሁሉ የጀርባ አጥንት የሆነው ‹ኮምቦ›፣ ማለትም አንዱ ምት ከሌላው ጋር ተያይዞ ተመቺው መላ ሳያገኝ በተከታታይ የሚደበደብበት ስልት፣ የታቀደ አልነበረም። ኖሪታካ ፉናሚዙ የተባለው የካፕኮም ባለሙያ ጌሙ ገና በሥራ ላይ እያለ ነገሩን አስተዋለው፤ ለማንም ይጠቅማል ብሎ ስላላሰበ እንዲሁ ተወው። ተጫዋቹ ግን አገኘው፣ አሰላው፣ አሳደገው። ኩባንያው በቀጣዮቹ ጌሞች ኮምቦን ዋና ነገር ያደረገው ከተጫዋቹ ኋላ ኋላ ተከትሎ ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጀግና ሲኖረው ጭቅጭቁ የማይቀር ነው። ማን ነው ጎበዙ? የሰሜን ካሊፎርኒያ ልጅ ወይስ የደቡቡ? በወሬ የማይፈታ ጥያቄ ነውና በ1996 ሳኒቬል በምትባል ከተማ፣ ጎልፍላንድ በተሰኘ ጌም ቤት 40 ያህል ተጫዋቾች ተሰበሰቡ። ‹ባትል ባይ ዘ ቤይ› ብለው ሰየሙት። ከአዘጋጆቹ መካከል ቶምና ቶኒ ካነን የተባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ስሙ ተለወጠና ከ2002 ጀምሮ ‹ኢቮሉሽን› ተባለ፤ በአጭሩ ኢቮ።

ኢቮ ሲያድግ ከሳንቲሙ ሕግ መንፈስ አልራቀም። መመዝገቢያውን የከፈለ ሁሉ ይገባል፤ ማጣሪያ የለም፣ የክለብ መታወቂያ የለም። ሁለት ጊዜ እስክትሸነፍ ድረስም አትባረርም። ትናንት መጫወት የጀመረ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ከሻምፒዮኑ ጋር አንድ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። በእግር ኳስ ብታስቡት የሰፈር ቡድን ተመዝግቦ ከብራዚል ጋር እንደመግጠም ነው።

አሁን ወደ 2004 ልውሰዳችሁ። ቦታው ፖሞና፣ ካሊፎርኒያ፤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት ውድድሩ ከትልልቆቹ ማሽኖች ወጥቶ ቤት ውስጥ ወደምንጫወትባቸው ኮንሶሎች በመዞሩ ነባሮቹ አኩርፈዋል። ጌሙ የ1999ኙ ‹ስትሪት ፋይተር 3 ሰርድ ስትራይክ› ነው። በአንድ ወገን የኒውዮርኩ ጀስቲን ዎንግ፣ በሌላው ከጃፓን የመጣው ዳይጎ ኡሜሃራ። የዳይጎ ተፋላሚ ጉልበቱ አልቋል፤ ነፍሱ በክር ተንጠልጥላለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ግድ ይለኛል። በዚህ ጌም ልዩ ምት ሲመጣብህ ዝም ብለህ ብትከላከል እንኳ ትንሽ ጉልበት ይቀነስብሃል፤ ዳይጎ ደግሞ ያቺ ትንሿም የለችውም። የቀረው መውጫ መመከት ብቻ ነው። ምቱ ሊያርፍ ሲል፣ ከሰከንድ በጣም ትንሿ ክፍልፋይ ውስጥ፣ መሪውን ወደ ኋላ በመሸሽ ፈንታ ወደ ጠላትህ ትገፋዋለህ። ከመከትክ ምንም አትጎዳም። ከቀደምክ ወይም ከዘገየህ አለቀልህ። ዎንግ የለቀቀው ልዩ ምት ደግሞ አንድ አይደለም፤ አሥራ አምስት እርግጫ ነው። የመጀመሪያውን አይቶ መመከት የማይታሰብ ስለሆነ ሳይመጣ መገመት ያስፈልጋል።

ዳይጎ አሥራ አምስቱንም መከተ። የመጨረሻዋን ዘሎ በአየር ላይ መከታት፤ ወዲያው በራሱ ኮምቦ መልሶ ጨዋታውን ጨረሰው። አዳራሹ የሆነውን ቪዲዮውን ያየ ያውቀዋል፤ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ የሚያደርገው ጠፍቶት ሲጮህ ይሰማል። ዩቲዩብ ገና አልተወለደም ነበር፤ ሆኖም ያ ቪዲዮ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር እየተገለበጠ ዓለምን ዞረ። ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ የገባው ይመስለኛል፤ አንድ ሰው ሊሸሽ በሚገባበት ሰዓት ወደ ፊት ሲገፋ ማየት ትርጉም አያሻውም። ብዙዎች የሚረሱት ግን አለ፦ ዳይጎ በዚያ ቀን ሻምፒዮን አልሆነም። በፍጻሜው በሌላ ጃፓናዊ፣ በኬንጂ ኦባታ ተሸነፈ። ከዚያም ከጌሙ ራቅ ብሎ ለጥቂት ዓመታት ማጆንግ ተጫወተ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያም ሠራ። እንደገና የተመለሰው ‹ስትሪት ፋይተር 4› ሲወጣ ነው።

ጀስቲን ዎንግን ያፈራው ቤት ታሪክም መነገር አለበት። ኒውዮርክ፣ ሞት ስትሪት ላይ ቻይናታውን ፌር የሚባል ጌም ቤት ነበር። ያረጀና ጠባብ ሲሆን በአንድ ወቅት ከሰው ጋር ክብና መስቀል እየሞላች የምትጫወት ዶሮ ነበረችው። (ቀልድ አይደለም፣ የእውነት ዶሮ!) ኮንሶል በየቤቱ ሲገባ የአሜሪካ ጌም ቤቶች አንድ በአንድ ሲዘጉ እሱ ቆይቶ በ2011 ተዘጋ። በዓመቱ ሲከፈት የቤተሰብ መዝናኛ ሆኖ ነበር፤ የድሮዎቹ ደንበኞች ቤታችን ነው ለማለት ተቸገሩ። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ሄንሪ ሴን ግን ብሩክሊን ውስጥ ኔክስት ሌቭል የሚል ቤት ከፍቶ ልጆቹን ሰበሰበ።

ኢንተርኔት አለ አይደል እንዴ፣ ቤት ምን ያደርጋል? ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ የድብድብ ጌም መዘግየትን አለመውደዱ ነው። አዝራሩን ተጭነህ ምቱ ዘግይቶ ከወጣ ጨዋታ የለም። ኩባንያዎቹ ለዚህ ጥሩ መላ ባጡበት ሰዓት መፍትሔ ያመጣው ያው የሳኒቬሉ ቶኒ ካነን ነው። ጂጂፒኦ የሚባለው ፕሮግራሙ የራቀው ተጋጣሚህ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ይገምትና ጨዋታውን ያስቀጥላል፤ ግምቱ ከተሳሳተ በቅጽበት ወደ ኋላ ተመልሶ ያርማል። ዛሬ በድብድብ ጌሞች ዘንድ የተለመደው ይህ መንገድ ከኩባንያ ቢሮ ሳይሆን ውድድር ከሚያዘጋጅ ተጫዋች እጅ የወጣ ነው። በ2019 ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ለቀቀው።

በዚያው ዓመት ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ‹ቴክን› በሚባለው ጌም ዓለምን ሲገዙ የኖሩት ኮሪያውያንና ጃፓናውያን ናቸው። በየካቲት 2019 ጃፓን፣ ፉኩኦካ ላይ በተካሄደው ኢቮ ጃፓን አርስላን አሽ የሚባል የላሆር ልጅ ብቅ አለ። ከፓኪስታን እዚያ ለመድረስ በቪዛና በበረራ ሲንገላታ ቆይቶ፣ በየኤርፖርቱ ሩፒውን የሚመነዝርለት አጥቶ፣ በመጨረሻው ሰዓት ነው የደረሰው። አሸነፈ! ከድሉ በኋላ የተናገረው ደግሞ ከድሉ ይብሳል፤ አገር ቤት እሱን የሚስተካከሉ ሌሎች ልጆች አሉ አለ። ጉራ ነው ያሉ ነበሩ። በነሐሴ ላስ ቬጋስ ላይ ዋናውን ኢቮም ወሰደ፤ በፍጻሜው ያሸነፈው ኒ በሚል ስም የሚታወቀውን ታላቁን ኮሪያዊ ነው። ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ ሻምፒዮን ሆኗል።

ኒ ያደረገው ነገር ግን የበለጠ ደስ ይለኛል። ሻንጣውን ሸክፎ ፓኪስታን ሄደ። እነዚያን ስማቸው ያልታወቀ ልጆች በገዛ ቤታቸው ገጠማቸው፤ የአርስላን ወሬ ጉራ እንዳልነበረም አየ። ላሆር ውስጥ ጥቃቅኖቹ ጌም ቤቶች አልጠፉም ነበር። ማሽኑ ውድ በሆነበት፣ ኢንተርኔቱ በሚቆራረጥበት አገር ልጆቹ እንደ 1991ዱ አሜሪካ ክርን ለክርን ቆመው ሲማማሩ ኖረዋል። አውሮፕላን ትኬትና ቪዛ ስላጡ ብቻ ዓለም አላያቸውም። ስንቱ የእኛ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎበዝ በዚሁ ምክንያት ከሰፈሩ ሳይወጣ እንደቀረ ማን ቆጥሮት!

አሁን ወደ ቀጠሮዬ፣ ወደ ስድቡና ንቀቱ። ይህ ማኅበር ንጹሕ ነው ብዬ የምሸጥላችሁ ነገር የለኝም። በ2012 ካፕኮም ባዘጋጀው የማስተዋወቂያ ፕሮግራም ላይ አንዲት ተጫዋች በገዛ ቡድኗ መሪ በቀጥታ ስርጭት በፆታዋ ተዋከበችና ውድድሩን ትታ ወጣች። ሰውየው ሲጠየቅ ይህ የማኅበረሰቡ ባህል ነው ብሎ ተከራከረ። የቤቱ ልማድ ነው! ይህችን ምክንያት ከዚህ በፊት ያልሰማ አለ? በ2020 ደግሞ ከኢቮ መሥራቾች በአንዱ ላይ የወሲብ ጥፋት ክስ ቀርቦ ሰውየው ከኃላፊነቱ ተነሣ፤ ኩባንያዎች ጌሞቻቸውን አወጡ፤ የዚያ ዓመት ውድድርም ተሰረዘ። ያልተጻፈ ሕግ ወረፋ ለማስከበር በቂ ነበር፤ ሰው ለማስከበር ግን አልበቃም። በ2021 ሶኒ ከሌላ ድርጅት ጋር ሆኖ ኢቮን ገዛ፤ በ2025 ድርሻውን ሸጦ ወጣ። 40 ልጆች የጀመሩት ጉዳይ የሚሸጥ የሚለወጥ ንብረት ሆነ።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይኸው የባለቤትነት ነገር ነው። ኳስ የማንም አይደለችም፤ ገዝተህ ትራገጣለህ። ጌሙ ግን የኩባንያ ነው፣ ጉባኤው ደግሞ የተጫዋቹ። የኔንቲዶን ‹ስማሽ ብራዘርስ ሜሌ› ተመልከቱ። በ2001 የወጣ ጌም ነው፤ ኩባንያው ከተወው ቆይቷል። ተጫዋቾቹ አልተዉትም፤ አዲሱ ስክሪን ምስሉን ያዘገይብናል እያሉ የድሮውን ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ተሸክመው ውድድር ይሄዳሉ። በ2013 ኢቮ ለጡት ካንሰር ምርምር ብዙ ገንዘብ ላዋጣው ጌም አንድ ቦታ እሰጣለሁ ሲል የሜሌ ልጆች ከ94 ሺህ ዶላር በላይ አዋጥተው ቦታውን አገኙ። ኔንቲዶ ስርጭቱን ከለከለ፤ ጩኸቱ ሲበዛበት ሐሳቡን ለወጠ። በ2020 ግን አንድ ትልቅ የኦንላይን ውድድራቸውን የምር አስቆመ። ምክንያቱ ተጫዋቾቹ ጌሙን ያለ መዘግየት በኢንተርኔት ለመጫወት ራሳቸው ማሻሻላቸው ነበር።

በ2023 ኩባንያው የተጻፈ መመሪያ አወጣ። ያለ ልዩ ፈቃድ በአካል የሚደረግ ውድድር ከ200 ተሳታፊ አይበልጥም፤ ለሽልማቱም ጣሪያ ተበጀለት። በዚያው ዓመት በላስ ቬጋሱ ኢቮ ለ‹ስትሪት ፋይተር 6› ብቻ ከ7 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ ካፕኮም አልከለከለማ። የጎልፍላንዶቹ 40 ልጆች በኔንቲዶ መመሪያ ያለ ችግር ያልፋሉ። በ2013 ያን ሁሉ ገንዘብ አዋጥተው ላስ ቬጋስ የተሰበሰቡት 700 ያህል የሜሌ ተጫዋቾች ግን ዛሬ ቢሆን ቴሌቪዥናቸውን ከመሸከማቸው በፊት ደብዳቤ መጻፍ አለባቸው።