ጠባይ ማረሚያ ቤቶችና ወላጆች
እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1833 ዓ.ም. ዮሐን ሂንሪክ ቪኸርን ሐምቡርግ አጠገብ «ራውሄስ ሃውስ» የተባለውን ተቋም ሲመሠርት፣ ችግር ላይ የወደቁትን ልጆች በሰፊ አዳራሽ አላጎራቸውም፤ በትናንሽ ቤቶች፣ በቤተሰብ መልክ አኖራቸው። በ1839 ደግሞ ፈረንሳዊው ደሜትዝ ሜትሬ በተባለው ስፍራ ለወጣት ጥፋተኞች የእርሻ ሠፈር አቋቋመ። አርክቴክቱ ብሉዌ በነደፋቸው ቤቶች አርባ አርባ ያህል ልጆች ይኖሩ ነበር፤ እያንዳንዱም ቤት «ቤተሰብ» ተባለ። ስሙ እንጂ ወላጆቹ ግን በፕላኑ ውስጥ አልነበሩም።

ይህ ጉድለት ጎልቶ የታየው በ1960ዎቹ ሳልቫዶር ሚኑቺንና ባልደረቦቹ በኒውዮርኩ ዊልትዊክ የወንዶች ትምህርት ቤት ሲሠሩ ነው። በተቋሙ የታረመ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለውጡ ብዙ ጊዜ አይዘልቅም ነበር። ስለሆነም ወላጆችንና ወንድም እህቶችን ጠርተው፣ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት እየተመለከቱ፣ የቤተሰቡን የእርስ በርስ አነጋገር ለማቃናት ጣሩ። ጥናታቸውም በ1967 ታተመ። መልካም ሕንፃ ልጁን ያስጠጋዋል፤ የሚመለስበትን ቤት ግን አይጠግንለትም።