ሸዋ በር፦ ሐረርን በበሮቿ ማንበብ



ስለ ዓለም ታሪካዊ ከተሞች በሚጻፉ ድርሳናት ሐረር ስትነሣ፣ ትረካው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ወደ ከተማይቱ ከገባው እንግሊዛዊ መኮንን ከሪቻርድ በርተን ነው። በርተን በሐረር የቆየው 10 ቀን ያህል ብቻ ነበር፤ «የተከለከለች ከተማ» የሚለው ስያሜ ግን ተጣብቆባት ቀረ። የእናንተም የመመረቂያ ጽሑፎች ከዚሁ ስያሜ መነሣት ስለሚወዱ፣ ዛሬ ልሞግተው እፈልጋለሁ።

የተከለከለችው ለማን ነበር? የጀጎል ግንብ የተሠራው በ16ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ፣ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ1543 ከወደቁ በኋላ፣ በአሚር ኑር ዘመን እንደሆነ ይታወቃል። ዘመኑ የጦርነት ነበርና የመከላከያ ፋይዳውን የሚክድ የለም። ነገር ግን ግንቡ የከበበው 48 ሄክታር ያህል መሬት ነው፤ ይህም በቤት፣ በመስጊድና በአዋች መቃብር የተሞላ እንጂ የሚታረስ አልነበረም። እህሉም፣ ማገዶውም፣ ቡናውም ከውጭ፣ በተለይ ከአካባቢው የኦሮሞ ገበሬዎች፣ በየበሩ ይገባ ነበር። ግንብ ለመዝጋት ብቻ ቢታነጽ ኖሮ አምስት በሮች ባላስፈለጉት! ሌሊት የሚዘጋው በር ቀን ንግዱን የሚቆጣጠር ኬላ ነበር።

ከአምስቱ አንዱ ወደ ምዕራብ የሚከፈተው ሸዋ በር ነው። ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። ስያሜዎቹን ልብ በሉ፦ አንደኛው ከከተማይቱ የራሷ ቋንቋ የወጣ ነው፤ ሌላኛው መንገዱ የሚያደርስበትን አገር ይጠራል። ለዘመናት የሐረር ነጋዴ ዓይን ያተኮረው በምሥራቅ፣ በዘይላና በበርበራ ወደቦች ላይ ነበር። ግብጾች ከ1875 እስከ 1885 ገዝተዋት የመጡትም ከዚያው ከባሕሩ አቅጣጫ ነው። ንጉሥ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ደጃዝማች፣ በኋላም ራስ፣ መኮንንን ሲሾሙ ግን ትእዛዝም፣ ሹመትም፣ ግብርም የሚመላለስበት መንገድ የምዕራቡ ሆነ። በእኔ ግምገማ «ሸዋ በር» የሚለው ስም ክብደት ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ሐረርን ወደ ጎን መተዉ ሌላ ስብራት ነው፤ ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚሻ አልገባበትም። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቪየና እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ ግንቧን አፍርሳ በሥፍራው ሰፊ አደባባይና ጎዳና ዘረጋች። ንግድ የራቃት ሐረር ግን እንዲህ ያለ ማስፋፊያ በጀጎል ላይ አላሳረፈችም፤ አዲሱ ከተማ ከሸዋ በር ውጭ ወደ ምዕራብ አደገ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ግንብ ለመትረፉ፣ ይህ መገፋት አንዱ ምክንያት ይመስለኛል።

ስለዚህ በዚህ ርእስ የምትጽፉ ተማሪዎች ሁለቱንም ስሞች አስፍሩ። ከበርተን መጽሐፍም በፊት በአሚሮቹ ዘመን በዐረብኛ የተጻፉትን የከተማይቱን ሰነዶች አንብቡ፤ ዐረብኛ የማታነቡ ከሆነ ከሚያነብ ጓደኛ ጋር ተቀመጡ።