ጂጂ በየትኛው ቋንቋ ተሻገረች?

ከቡሬ ወደ ኮሶበር ስትሄዱ ጥሊሊ ላይ ወርዳችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ጠጥተናል። ባንዱ ጠረጴዛ አማርኛ፣ በሌላው አዊኛ ይወራል፤ የሚደነቅም የለም። ኮሶበር ደርሳችሁ ወደ ግራ ከታጠፋችሁ ደግሞ ቻግኒ ናት፤ የእጅጋየሁ ሽባባው የትውልድ አገር።

የፈረንጁን ገበያ ለመግባት በእንግሊዝኛ መዝፈን ግድ ነው ይባላል። ጃፓናዊቷ ሂካሩ ኡታዳ በአገሯ ሚሊዮኖች አልበሟን የገዙላት ኮከብ ናት። ኒው ዮርክ ስለተወለደች እንግሊዝኛው አይቸግራትም። በ2004 (እ.ኤ.አ.) «ኤክሶደስ»ን በእንግሊዝኛ ብታወጣም በአሜሪካ ሰንጠረዥ ከ160ኛ ደረጃ በላይ አልወጣላትም።

ጂጂስ? በ2001 (እ.ኤ.አ.) በስሟ የተሰየመውን አልበም ያወጣላት ፓልም ፒክቸርስ የክሪስ ብላክዌል ኩባንያ ነው፤ ብላክዌል የቦብ ማርሌይን ሥራዎች ለዓለም ያደረሰ ሰው ነው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነበር፤ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር አጀቧት። እሷ ግን ስለ ዓባይም ስለ ዓድዋም በአማርኛ ዘፈነች። ጉራማይሌ የሆነው ሙዚቃው እንጂ ምላሷ አልነበረም።

እርግጥ ዋጋም አለው። አማርኛ የማያውቅ አድማጭ ሰሙን እንኳ በቅጡ ሳይዝ ወርቁ ያመልጠዋል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችውን አልበም «ወርቅና ሰም» ማለቷ ይህን ሳታስበው አይመስለንም።

እኛስ? አንድ ዓረፍተ ነገር ያለ እንግሊዝኛ መጨረስ ያቃተን የከተማ ልጆች፣ ማን እንዲሰማን ነው የምንኮላተፈው? ጥሊሊ ላይ በአዊኛ መዝፈን ያፈረ ልጅ ካገኛችሁ፣ የቻግኒዋን ልጅ አስታውሱት።