አዝ-ዘህራዊና የተሰበረ እጅ ሕክምና

የአንደሉስን ሊቃውንት ብዙ ጊዜ በስም እናወሳቸዋለን፤ የእጃቸውን ሥራ ግን እምብዛም አንመረምርም። እ.ኤ.አ. በ1013 አካባቢ ወደ አኺራ የሄዱት አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ በቁርጡባ አቅራቢያ የነበረችው የመዲነቱ ዘህራ ሰው ናቸው። «አት-ተስሪፍ» የተሰኘው ኪታባቸው 30 ክፍሎች አሉት፤ የመጨረሻው ስለ ቀዶ ሕክምና ሲያትት፣ ሦስተኛው ባቡ ስብራትንና ውልቃትን ይመለከታል።

ስለ እጅ የሰጡት መመሪያ ጥንቃቄ የተሞላ ነው። ረዳቱ እጁን ይስባል፤ ሐኪሙ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሳል። ስብራቱ ወደ መዳፍ ካዘነበለ ታማሚው ድቡልቡል ጨርቅ ጨብጦ ይታሰራል፤ የተሰበረ ጣት ከጤነኛው ጎረቤቱ ጋር ይጠመዳል። ይህ የጣት አስተሳሰር ዛሬም በሆስፒታሎች ይሠራበታል።

ለእኛ ይበልጥ የሚያሻን ማስጠንቀቂያቸው ነው። ጠምሞ የገጠመን አጥንት ዳግም የሚሰብሩ አላዋቂ ጠጋኞችን ነቅፈዋል፤ የታሰረው አካል ቢያብጥ ወይም ሕመሙ ቢብስ ማሰሪያው እንዲፈታ አዘዋል። በሀገራችንም ወጌሻ ከልክ በላይ አጥብቆ ሲያስር ደም ተቋርጦ እጅ እስከ መቆረጥ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጀመዓው ምክር ሲጠይቀን፣ ታስሮ ጣቱ የቀዘቀዘ፣ የጠቆረ ወይም የደነዘዘ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄድ መንገር አማናችን ነው።