በጥቂት ወጪ የጓሮ አትክልትና አበባ ማልማት፦ ለደባርቅና ለዳባት ደጋ

በደባርቅና በዳባት ጓሮውን ለማልማት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የዘር ዋጋን ነው። በዚህ ደጋ ግን ከዘር ዋጋ ይልቅ ኪስ የሚጎዳው ውርጭ ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ የአንድ ሌሊት ውርጭ የወራት ልፋትን አጥቁሮ ሊያድር ይችላል።

ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቀው የመጀመሪያ ሥራ ቦታ መምረጥ ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርዳል፤ በጎድጓዳ ስፍራና ከታች በኩል በድፍን አጥር በተዘጋ ጓሮ ይጠራቀማል። ከፍ ያለ፣ ፀሐይ የማይነፍገው፣ የድንጋይ ካብ ያስጠጋው ቦታ ይመረጣል፤ ካቡ ቀን የወሰደውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ከባሕር ዛፍ ሥር ግን መራቅ ይገባል፤ ውኃውን ይሻማል።

ለጀማሪ 10 ካሬ ሜትር ይበቃል። የመደቡ ስፋት 1 ሜትር ከሆነ አፈሩ ሳይረገጥ ከሁለቱም ወገን ይኮተኮታል።

ቲማቲምና ቃሪያ ለዚህ ብርድ አይሆኑም። ሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ግን ቀላል ውርጭን ይቋቋማሉ። የጎመን ችግኝ በነሐሴ መጀመሪያ ቢፈላና በመስከረም አጋማሽ ወደ መደብ ቢዛወር፣ ኅዳር ሲገባ ሥር ሰድዶ ይጠብቃል። ካሮት መዛወር አይወድም፤ በቀጥታ ይዘራል። ከሐበሻ ጎመኑ ጥቂት ጠንካራ እግሮች ሳይቀጠፉ ቢተው የከርሞ ዘር ይገኛል።

ነጭ ሽንኩርት ከማዕድ ቤት በተረፈ ፍንካች ሊተከል ይችላል። ሆኖም ሥሩ ነጭ ሻጋታ ከለበሰ ማሳ የመጣ ፍንካች ርካሽ ቢመስልም ውድ ነው፤ የነጭ ሻጋታ በሽታ በአፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ነፋስ በሌለበትና ሰማዩ ጥርት ባለበት ምሽት ውርጭ ይጠበቃል። ከሰዓት በኋላ አፈሩን ማጠጣት፣ ሲመሽም በእንጨት ላይ በተዘረጋ ጆንያ ወይም በገለባ መሸፈን፣ ፀሐይ ሲሞቅ መግለጥ ብዙ ተክል ያተርፋል።

በአካባቢያችን ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ስለሚገባ ጓሮው ይራባል። ቢያንስ የአትክልት ልጣጭ፣ ቅጠልና ጥቂት አመድ በጉድጓድ ተደራርቦ ይብላላ፤ በብርዱ ምክንያት ከቆላው ይልቅ ጊዜ ይወስዳል። ለበጋው ውኃ ደግሞ ክዳኑ የተበሳ፣ ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ በችግኙ አጠገብ ተዘቅዝቆ ቢቀበር ጠብ ጠብ እያለ ሥሩን ያርሳል።

አበባን ቅንጦት የሚሉ አሉ፤ ይህ ጸሐፊ አይስማማም። አበባ ንብ ይጠራል፤ ለዘር የተተወው ጎመንም ይጠቀማል። የአደይ አበባ ዘር በጥቅምት ደርቆ ሲረግፍ በነጻ ይለቀማል። ጽጌ ረዳ በሐምሌ ዝናብ ከጎረቤት በተቆረጠ፣ የእርሳስ ውፍረት ባለውና አንድ ስንዝር ገደማ በሚረዝም ቁራጭ ይተከላል። ጤና አዳምና ጦስኝም በመደቡ ዳር ያምራሉ፤ ጦስኙ ግን ከገበያ ወይም ከጎረቤት ይምጣ እንጂ ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል አይነቀል።

ጓሮ የሌለው ተከራይ አፈርና ብስባሽ በሞላው ጆንያ ጎን ላይ ቀዳዳ አበጅቶ ቆስጣ መትከል ይችላል፤ ውርጭ ሲያሰጋ ወደ በረንዳ ይጎተታል።