በውሃ ጥልቀት የሚለካ እስትንፋስ

ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚወለዱ ሕፃናት ከሚገጥሟቸው ፈተናዎች ዋነኛው መተንፈስ ነው። ሳንባቸው ገና ያልበሰለ በመሆኑ ረቂቆቹ የአየር ከረጢቶች ትንፋሽ በወጣ ቁጥር እየተጣበቁ ይዘጋሉ፤ ቀጣዩ ትንፋሽም አዲስ ፊኛ የመንፋት ያህል ድካም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1963 የተወለደው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚሁ ሕመም ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላው አረፈ። ሥልጣንም ሆነ ሀብት አላዳነውም፤ የሚያድነው መሣሪያ ገና አልተሠራም ነበርና።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ ዶክተር ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ በሳን ፍራንሲስኮ የማያቋርጥ መጠነኛ የአየር ግፊት በመስጠት ከታከሙ 20 ሕፃናት 16ቱ መዳናቸውን አስታወቁ። ግፊቱ ከረጢቶቹ እንዳይዘጉ ደግፎ ይይዛል። ይህን ግፊት ለማግኘት ካሉት መንገዶች ቀላሉ የመውጫውን ቱቦ ጫፍ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ቱቦው 6 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ አየሩ አረፋ ሆኖ ለመውጣት የ6 ሴንቲ ሜትር ውሃን ግፊት ማሸነፍ አለበት። ስለዚህ ውሃው ራሱ መቆጣጠሪያም መለኪያም ይሆናል። ይሁንና በገበያ ላይ የነበረው መሣሪያ ዋጋው 6000 ዶላር ያህል በመሆኑ ለብዙዎቹ የአፍሪካ ሆስፒታሎች የማይደረስበት ሆኖ ቆየ።

በ2010 በሂውስተን ከተማ የራይስ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን ችግር የመመረቂያ ሥራቸው አደረጉት። የመጀመሪያ ናሙናቸው ለቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ አየር የሚነፉ ሁለት ፓምፖችን በፕላስቲክ የጫማ ሣጥን ውስጥ የያዘ ነበር። ነገሩ ለተመልካች የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ፍርዱ ግን ለመለኪያ የተተወ ነበር። የናሙናው ግፊት በአሜሪካ ሆስፒታል ሲሠራበት ከነበረው መሣሪያ ጋር ሲነጻጸር ተመጣጣኝ ሆኖ ተገኘ፤ ወጪው ግን ከ350 ዶላር ገደማ አላለፈም።

በቤተ ሙከራ የተሳካ ናሙና ሁሉ በሕሙማን ክፍል ይሳካል ማለት አይደለም። በመሆኑም የጫማ ሣጥኑ ቀርቶ፣ ሰርድ ስቶን ዲዛይን ከተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ጋር በመተባበር ዕለታዊ አገልግሎትን የሚችል አካል ተበጀለት። ስሙም በማላዊ ቋንቋ በቺቼዋ «ፑማኒ» ተባለ፤ ዘና ብሎ መተንፈስን የሚያመለክት ቃል ነው።

መሣሪያው በማላዊ፣ በብላንታየር ንግሥት ኤልሳቤጥ ማዕከላዊ ሆስፒታል በ87 አራስ ሕፃናት ላይ ተሞከረ። ውጤቱ በ2014 ሲታተም፣ በመሣሪያው ከታከሙት 62 ሕፃናት መካከል 71 በመቶው፣ ኦክሲጅን ብቻ ከተሰጣቸው 25 መካከል ግን 44 በመቶው እንደ ተረፉ ታወቀ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ሕፃናቱ በዕጣ አልተመደቡም፤ መሣሪያውና የሠለጠነ ባለሙያ በተገኙ ጊዜ ነበር ሕክምናው የሚሰጠው። እንግዲህ ከውጤቱ ምን ያህሉ የፓምፑ፣ ምን ያህሉ የነርሷ እጅ እንደ ሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም። ለአፍንጫው የሚስማማውን ቱቦ የምትመርጠው፣ አረፋው ሲቆም አየር የሚያፈስ ቦታ እንዳለ የምትረዳውም እርሷ ናት።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልነበረ በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት አሳየ። በዚያው በማላዊ፣ በአንድ የወረዳ ሆስፒታል፣ ከ1 እስከ 59 ወር ዕድሜ ባላቸው ከባድ የሳንባ ምች የያዛቸው ሕፃናት ላይ የአረፋው ስልት በዕጣ ምደባ ተፈተነ። በስልቱ ከታከሙት 17 በመቶው ሲሞቱ፣ ተራ ኦክሲጅን ከተሰጣቸው የሞቱት 11 በመቶ ነበሩ። የፊዚክሱ ሕግ አልተለወጠም፤ የተለወጡት የታካሚው ዕድሜ፣ ሕመሙና የሆስፒታሉ አቅም ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ለመሐንዲሱ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ርካሽ ዕቃ ጥሩ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ የዓሣ ገንዳው ፓምፕ ምስክር ነው። ነገር ግን አንድ ናሙና በአንድ ስፍራ ለአንድ ዓይነት ሕመምተኛ መፈተኑ ለሌላው ዋስትና አይሆንም። ስፍራውና ታካሚው በተለወጡ ቁጥር ፈተናው እንደገና ይጀመራል፤ ፈተናው ከታለፈ ዋጋውን የሚከፍለው መሐንዲሱ ሳይሆን ሕፃኑ ነው።